የተርቡ ጎጆ የት ነው? በቤትና በጓሮ የነፍሳት መኖሪያ ስለ መፈለግ የተከፈተ ክር

መክፈቻው ጽሑፍ

ክሩን፣ ማለትም ይህን የኢንተርኔት ውይይት፣ የከፈተችው እናት ሦስት ችግር በአንድ ጥያቄ ጠቅልላ ነው የመጣችው። ልጆቿን በጥቂት ቀናት ልዩነት ተርብ ነድፏቸዋል፤ ዛፉን፣ ቁጥቋጦውን፣ የጣሪያውን ጠርዝ በመጥረጊያ እንጨት እየገለጠች ብታስስ ጎጆ የሚባል ነገር አጣች። በዚያው ሰሞን ጠዋት ስትነሳ የሳሎኑ መስኮት ደፍ ላይ የረገፈ ክንፍ ታገኛለች። የአንድ አሮጌ ቁም ሣጥን እግር ሥር ደግሞ ብናኝ ይጠራቀማል፤ ብትጠርገው ተመልሶ ይመጣል። ይህ ሁሉ ከአንድ ጎጆ የሚመጣ ነው ወይ? ካልሆነስ የቱን ከየት ልፈልገው? ጥያቄዋ ይኸው ነው።

በመሀል እንደ ዋዛ ጣል ያደረገቻት አንዲት ነገር ግን አለች፤ ሁለቱም ልጆች የተነደፉት የግቢውን የብረት በር ሲከፍቱ ወይም ሲዘጉ ነበር። አንባቢ ይህቺን ይያዝልኝ። ከመጀመሪያዎቹ መላሾች አንዱም አልያዛትም፤ የሁሉም ዓይን የሄደው ዛፉ ላይ ነው።

ምላሽ 1

ጨዋ ሰው ነው። ለልጆቹ ምሕረት ተመኝቶ ሲያበቃ ሦስቱ ምልክቶች ከአንድ ጎጆ ሊመጡ እንደማይችሉ ገለጸ። ተርብ እንጨት እየፋቀ፣ በምራቁ እያላቆጠ ወረቀት የመሰለ ጎጆ ቢሠራም ብናኝ እያራገፈ አይሄድም፤ ክንፉንም እንደ ልብስ አያወልቅም። ፎቶ ብትልክ መልካም እንደሆነ ጠቁሞ ወጣ።

ምላሽ 2

ፍሊት ገዝታ ሁሉንም እንድትረጭ መከረ። ጎጆው የጠፋባት ሴት የት እንደምትረጭ ግን አልነገራትም። እንዲህ ዓይነት መላሽ የሌለበት ክር አይቼ አላውቅም።

ምላሽ 3

ወሬው ፍሬ የያዘው እዚህ ላይ ነው። መላሹ ዕድሜያቸውን በንብ ማነብ ያሳለፉ አዛውንት ናቸው፤ ከዚህ በኋላ አናቢው እላቸዋለሁ። ጎጆ የሚገኘው እየዞሩ በመፈለግ ሳይሆን አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ በማየት እንደሆነ ጻፉ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ፊትን ወደ ብርሃኑ አዙሮ መቀመጥ ነው፤ ከፊት ለፊት ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ወይም ጥላ ያረፈበት ግድግዳ ቢኖር ይመረጣል። በቀትር ፈጽሞ የማይታየው ክንፍ ያኔ ብርሃን እየያዘ ብልጭ ብልጭ ይላል። ፀሐይዋን ራሷን ቀጥታ እንዳታይ፣ በጣሪያ ጠርዝ ወይም በቅርንጫፍ እንድትከልላትም አስጠንቅቀዋታል።

ከዚያ የሚታየውን እንዴት ማንበብ እንደሚገባ አስረዱ። ምግብ ፍለጋ የወጣ ተርብ ይዞራል፣ ቅጠል ላይ ያርፋል፣ ይነሳል፣ ይመለሳል፤ መንገዱ ቅጥ የለውም። ጭኖ የሚመለሰው ግን ወዲያና ወዲህ አይልም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ነው። ስለዚህ ከልጆች ራቅ አድርጎ ቁራጭ ሥጋ ማስቀመጥ፣ ቆርጦ የተነሳው ተርብ ወደየት እንዳቀና ምልክት መያዝ፣ ከዚያ ሥጋውን ወደ ሌላ የግቢው ጥግ ወስዶ እንደገና ማየት ነው። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት አካባቢ ጎጆው አለ። ዱሮ የጫካ ንብ የሚፈልጉ ሰዎችም በዚሁ ዘዴ ይሠሩ እንደነበር ጨመሩ፤ እነሱ በሥጋ ፈንታ ጣፋጭ ውኃ አቅርበው ነው፣ ንቧ ሄዳ እስክትመለስ የሚፈጀውንም ጊዜ ይይዙ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያም አከሉ። ንብ ከቤቷ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቃ ትቀስማለች፤ አበባ ላይ ወይም የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር ንብ አየሁ ማለት ንቡ የሚኖረው እዚህ ነው ማለት አይደለም። ጎጆን የሚያሳብቀው ከአንድ ነጥብ የማይቋረጥ መውጣትና መግባት ነው።

ምላሽ 4

ጓሮ የሚንከባከብ ሰው ይመስለኛል። አናቢውን አመስግኖ እሱ ራሱ ጎጆ ያገኘባቸውን ቦታዎች ደረደረ፤ የተደፋ የአበባ ማሰሮ፣ የቆጣሪ ሳጥን፣ የተከመረ ጎማ፣ የመጋረጃ መስቀያ ቱቦ ጫፍ፣ ለብዙ ጊዜ ያልተዘረጋ ጃንጥላ እጥፋት፣ ቆሞ የከረመ መኪና ስፖኪዮ። ሁሉም ዝናብ የማያገኛቸው፣ ሰው የማይነካካቸው፣ በትንሽ ቀዳዳ የሚገባባቸው ናቸው። ዝርዝሩ ጠቃሚ ነው። ጥፋቱ መጨረሻ ላይ የሸረሪት ጎጆንም መጨመሩ ሆነ።

ምላሽ 5 እና 6

አምስተኛው መላሽ ሸረሪት ነፍሳት እንዳልሆነች፣ እግሯ ስምንት እንደሆነ፣ የነፍሳት እግር ግን ስድስት ብቻ እንደሆነ አርሞ ሄደ። ልክ ነው። ስድስተኛው ግን ቱግ አለ፤ የልጅ ክንድ አብጦ እያዩ እግር መቁጠር የሥራ ፈት ሥራ መሆኑን፣ ሴትዮዋ እርዳታ እንጂ ትምህርት ቤት እንዳልጠየቀች ጻፈ። ወደፊት እንደምናየው አምስተኛው በዚህ የሚበርድ ሰው አይደለም።

ምላሽ 7

አናጢ ነው፤ የመለሰውም የብናኙን ጥያቄ ነው። ይህን ምላሽ ረዘም አድርጌ የማስቀምጠው ሰው ብናኝ ሲያይ ሁሉንም ምስጥ ስለሚያደርገው ነው።

ብናኙን ነጭ ወረቀት ላይ አፍስሳ በማጉያ መነጽር፣ ካልሆነም በስልክ ካሜራ አጉልታ እንድታይ ጠየቃት። የላመ ዱቄት ከሆነና እንጨቱ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ጥቃቅን ክብ ቀዳዳ ካለ፣ እንጨት የምትበላ ትንሽ ጥንዚዛ ናት። እሷ ጎጆ የላትም። እጮቿ እንጨቱ ውስጥ ተበታትነው እየበሉ ያድጋሉ፤ ቀዳዳው ያደገችው ጥንዚዛ የወጣችበት ነው። ስለዚህ እዚያ ጎጆ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ቅንጣቱ ጠጣር ሆኖ፣ ጎልቶ ሲታይ ባለ ስድስት ጎን ከሆነ፣ በደረቅ እንጨት ውስጥ የሚኖር ምስጥ ኩስ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ምስጥ ከአፈር ጋር ጉዳይ የለውም፣ ጎጆውም ምግቡም ያው እንጨት ነው። ሻካራ ሰጋቱራ ሆኖ በመሀሉ የነፍሳት እግርና ራስ ቁርጥራጭ ከታየበት ደግሞ እንጨት ቦርቡሮ የሚኖር ጉንዳን ነው። ጉንዳኑ እንጨቱን አይበላውም፤ መኖሪያ ቦታ ለማግኘት ይቦረቡረዋል፣ ቆሻሻውንም አብሮ ይጥላል።

ቀዳዳው አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ኖሮት በልኬት የተበሳ የሚመስል ከሆነስ? እንጨት የምትበሳው ትልቋ ጥቁር ንብ ናት። ትንሽ ወደ ውስጥ ትገባና ታጥፋ የእንጨቱን ጭረት ተከትላ ትበሳለች። ሰው ፊት እየተንሳፈፈ የሚያስፈራራው ወንዱ ነው፤ እሱ ግን መንደፊያ የለውም።

ጤነኛ እንጨት በመፍቻ እጀታ ሲመታ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው ግን ባዶ ይጮኻል፤ ባዶ በጮኸበት ቦታ ወስፌ ቢወጉት ሳይታገል ይገባል። ከመሬት የሚመጣውን ምስጥ ደግሞ በቱቦው ነው የሚያውቀው። የእርሳስ ውፍረት ያለው የጭቃ መንገድ ከመሠረቱ ተነስቶ በግድግዳ ላይ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ካርቶን ወይም ዕቃ የተደገፈበት፣ ማንም የማያየው ጥግ ላይ ነው። አናጢው ከቱቦው መሀል ትንሽ ሰብሮ ይተወዋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ በእርጥብ ጭቃ ተጠግኖ ካገኘው ውስጡ ሰው አለበት ማለት ነው፤ ቃሉ የእሱ ነው።

ምላሽ 8

ስለ ክንፉ ነው። ክንፍ የሚጥለው ምስጥ ብቻ ስላልሆነ፣ ጉንዳንም ክንፍ አውጥቶ ስለሚጥል፣ መለየት እንደሚያስፈልግ አሳሰበች። የምስጥ አራቱም ክንፎች እኩል ናቸው፤ የጉንዳን የፊት ጥንድ ከኋላው ይበልጣል። ገላው ከተገኘ ደግሞ ቀላል ነው፤ የጉንዳን ወገብ ቀጭን፣ አንቴናው ክርን ያለው ነው፣ የምስጥ ወገብ ደልዳላ፣ አንቴናው ቀጥ ያለ ነው። ሌላው ጥሩ ነጥቧ፣ እነዚህ በራሪዎች ብርሃን ስለሚስባቸው መስኮት ላይ ክንፍ መገኘቱ ብቻውን ጎጆው ቤት ውስጥ ነው አያሰኝም። ሌሊት መብራት በርቶ መስኮቱ ተከፍቶ ካደረ ከውጭ ገብተው ይሆናል፤ ተዘግቶ ካደረ ግን ምንጩን ውስጥ መፈለግ ነው።

ከምላሽ 9 እስከ 12

ዘጠነኛው የከፋ ምክር ይዞ መጣ። መሬት ውስጥ ቀዳዳ ከተገኘ ቤንዚን አፍስሶ መለኮስ። አሥረኛዋ አልማረችውም፤ ልጆች ባሉበት ግቢ ይህን የሚመክር ሰው ክብሪት ሊይዝ እንደማይገባው ጻፈችለት። ቤንዚኑ አፈሩን እንደሚመርዝ፣ ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ ስለማይወርድ ፈሳሹ ጎጆው ጋ መድረሱ እንደማይታወቅ፣ ከተቃጠሉት ይልቅ በቁጣ የሚወጡት እንደሚበዙ ዘረዘረች። አሥራ አንደኛው ለዘጠነኛው ወግኖ፣ አባቱ እንዲህ ሲያደርግ አንድም ቀን ምንም እንዳልሆነ መሰከረ። ምንም አለመሆኑ ዕድል እንጂ ዘዴ አይደለም፤ ይህን የምለው እኔ ነኝ።

አናቢው ጣልቃ ገብተው መሬት ላይ ያለ ቀዳዳ ሁሉ የተርብ እንዳይደለ አስታወሱ። ብቻቸውን የሚኖሩ የመሬት ንቦች አሉ፤ እያንዳንዷ ሴት የራሷን ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ አፉ ላይ ትንሽ የአፈር ክምር ታበጃለች፣ ካልጨበጧት በስተቀር ነደፈችኝ የሚል ሰው ብርቅ ነው። ጥቂት ሳምንታት ሠርታ ትጠፋለች። ብዙ ትናንሽ ክምር ተበታትኖ ከታየና በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንዲት ንብ ብቻ የምትመላለስ ከሆነ መተው ነው። በአንዱ ቀዳዳ ብዙዎች ተከታትለው የሚወጡና የሚገቡ ከሆነ ግን ማኅበር ነው፣ መራቅ ነው።

ዘጠነኛው ለዚህ መልስ ሲሰጥ አዛውንቱን አንተ እያለ ጀመረ። ያኔ ክሩ ስለ ነፍሳት መሆኑ ቀረና ስለ አስተዳደግ ሆነ። በዕድሜ አባቱ የሚሆኑ ሰው አንቱ እንዲላቸው ብዙዎች ጮኹበት። እሳቸው ራሳቸው አልተቀየሙም፤ ንብም ሰውም ሲቆጣ ዝም ብሎ መቆም እንደሚሻል ጽፈው አለፉ።

ምላሽ 13

ጠያቂዋ ተመለሰች። ሥጋውን ሞክራዋለች፤ የመጣው ዝንብና ጉንዳን ብቻ ነው። ተርቦቹ አጠገቡ እያለፉ ዞር ብለውም አላዩትም። አናቢውን በትሕትና ነው የጠየቀቻቸው፣ ተስፋ እንደቆረጠች ግን ያስታውቃል።

ምላሽ 14

ይህ መላሽ አናቢውን ያረመበት መንገድ ደስ ይላል። የሥጋው ዘዴ ልክ መሆኑን፣ ነገር ግን ለሁሉም ተርብ እንደማይሠራ አስረዳ። መሬት ውስጥና ጎድጓዳ ቦታ ትልልቅ ጎጆ የሚሠሩት፣ ጎጆአቸውን በወረቀት ሽፋን ሙሉ በሙሉ የሚጠቀልሉት ተርቦች ሥጋ ላይ ይወርዳሉ። ቀጫጭን ወገብ ያላቸው፣ ሲበሩ ረጃጅም እግሮቻቸውን የሚያንጠለጥሉት ግን በሕይወት ያለ የቅጠል ትል ነው የሚያድኑት። የእነዚህኞቹ ጎጆ ሽፋን የለውም፤ ግራጫ ነው፣ በቀጭን ዘንግ ይንጠለጠላል፣ ክፍሎቹ ወደ ታች አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ። ሲበሩ እግራቸው ይንጠለጠላል ወይ ብሎ ጠየቃት።

አናቢው ወዲያው ተቀበሉት። ስለ ንብ እንጂ ስለ ተርብ ይህን ያህል እንደማያውቁ ጽፈው አመሰገኑ።

ምላሽ 15

በመጨረሻ አንድ ሰው መክፈቻውን ደግሞ አነበበ። ሁለቱም ልጆች በሩ ላይ መነደፋቸውን አንስቶ፣ በሩ ከምን እንደተሠራ ጠየቀ። ክፍት የብረት ቱቦ ከሆነ ጎጆው ቱቦው ውስጥ ሊሆን እንደሚችል፣ በሩ በተመታ ቁጥር ጎጆው እንደሚናወጥ፣ ጠባቂዎቹም አጠገብ ያገኙትን እንደሚነድፉ ጻፈ። ከሦስት መስመር አይበልጥም። ከረጃጅሞቹ ምላሾች ሁሉ የሚበልጠው ግን እሱ ነው።

በእጅ ወይም በዱላ አንኳኩታ እንዳትፈትሽም አስጠነቀቃት። ስልኳን ራቅ ካለ ቦታ አስደግፋ፣ በሩ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ሁሉ በአንድ ፍሬም አስገብታ ቪዲዮ ትቅረጽ፤ ከዚያ ቤት ገብታ ቀስ አድርጋ ታየው።

ከምላሽ 16 እስከ 20

እሷን ስንጠብቅ ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ ጭቃ የምትሠራ ተርብ የበሩን የቁልፍ ቀዳዳ ደፍናበት ውጭ እንዳደረ አጫወተ። ሌላው ጭቃውን ፈልፍሎ ውስጡ የደነዘዙ ሸረሪቶች ተደርድረው ማግኘቱን ነገረ፤ ተርቧ በመርዟ አደንዝዛ ለልጇ ስንቅ ታደርጋቸዋለች፣ ሸረሪቶቹ ግን ወዲያው አይሞቱም። ከዚያ አንድ የአውሮፕላን ነገር የሚያውቅ ሰው እ.ኤ.አ. በ1996 ከዶሚኒካን ሪፐብሊኳ ፑዌርቶ ፕላታ እንደተነሳ ባሕር ውስጥ የወደቀውን ቦይንግ 757 አነሳ። 189 ሰዎች አልቀዋል። አውሮፕላኑ ቆሞ በሰነበተበት ጊዜ የፍጥነት መለኪያው ፒቶት ቱቦ ክፍት ስለነበር ጭቃ የምትሠራ ተርብ እንደደፈነችው ተገምቷል። ቱቦው ከባሕር ስላልወጣ ግምቱ ግምት ሆኖ ቀርቷል፤ መላሹም ይህን አልደበቀም፣ አከብረዋለሁ።

ሃያኛው እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የሆነውን ጨመረ። ትልቁ የእስያ ተርብ ገብቶ ጎጆው ሲጠፋ፣ ባለሙያዎች የተያዙ ተርቦች ላይ ትንንሽ የሬዲዮ ማስተላለፊያ በጥርስ ክር አስረው ለቀቋቸው፤ ተከትለውም ብሌን በምትባል ከተማ አቅራቢያ ዛፍ ውስጥ ጎጆውን አገኙ። ይህ የአናቢው ሥጋ ዘዴ ነው፣ መሣሪያው ነው የተለወጠው። ዘጠነኛው ተመልሶ መጥቶ እሱ ማስተላለፊያ እንደሌለው ቀለደ፤ ማንም አልሳቀለትም።

ምላሽ 21

ጠያቂዋ ቪዲዮውን ይዛ መጣች። በሩ ክፍት ቱቦ ነው። የላይኛው ማጠፊያ አጠገብ አንድ ብሎን ወልቆ ቀዳዳው ባዶ ቀርቷል። ቪዲዮው ላይ አንዲት ተርብ እግሮቿን አንጠልጥላ ትመጣለች፣ አፏ ላይ አረንጓዴ ድቡልቡል ነገር ይዛለች፣ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ አርፋ አንቴናዋን ታወዛውዛለች፣ ትገባለች። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ራስ ብቅ ይላል። አሥራ አራተኛው አረንጓዴው ነገር ታኝኮ የተድበለበለ የቅጠል ትል መሆኑን፣ ለእጮቹ ምግብ እየተወሰደ መሆኑን አረጋገጠላት። ዛፉን ሁሉ በመጥረጊያ ስትገልጥ ጎጆው በየቀኑ እጇ የሚያርፍበት ላይ ነበር።

ከምላሽ 22 እስከ 25

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሃያ ሁለተኛው ቀዳዳውን በጭቃ ወይም በስሚንቶ እንድትደፍነው መከረ። ሦስት ሰው በአንድ ድምፅ ተነሳበት፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ጎጆው ግድግዳ ውስጥ ቢሆን ኖሮ የታፈኑት ተርቦች ጂፕሰሙን አኝከው ወደ መኝታ ቤት ሊወጡ ይችላሉ። ብረቱን አያኝኩትም፣ ግን የበር ቱቦ አንድ ቀዳዳ ብቻ አይኖረውም፤ የደፈነው ሰው ሌላውን የሚያገኘው ከተነደፈ በኋላ ነው።

አናቢው ጎጆውን የሚያነሳው የመከላከያ ልብስ ያለው፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆን እንዳለበት፣ ጊዜውም ሁሉም የገቡበት ሌሊት እንደሆነ ጻፉ። እስከዚያው ልጆቹ በዚያ በር ባይወጡ፣ በሩም ተከፍቶ ቢቆይና ባይንኳኳ። ሌሊት ማየት የግድ ከሆነ የባትሪውን መስታወት በቀይ ላስቲክ መሸፈን ነው፤ ንብም ተርብም ቀይ ብርሃን አይታያቸውም፣ ነጩን ባትሪ ግን ተከትለው እስከ እጅ ድረስ ይመጣሉ። ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ቀዳዳዎቹን ሁሉ መድፈን ይቻላል።

አንዷ ከናካቴው መተውንም እንድታስብበት ጠየቀች። ተርብ የቅጠል ትል ስለሚለቅም ለጓሮ ባለውለታ ነው፤ ብርድ በሚጠናበት አገር ማኅበሩ ክረምቱን አይሻገርም፣ የሚተርፉት አዳዲስ ንግሥቶች ብቻ ናቸው። ጎጆው ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ቢሆን ኖሮ ከእሷ ጋር በተስማማሁ። ልጅ በየቀኑ የሚያንኳኳው በር ላይ ግን አይሆንም።

ምላሽ 26

ይህ ስለ ንብ ነው፣ ግን ለሁሉም ይጠቅማል። መላሹ ግድግዳው ውስጥ ንብ ገብቶበት፣ ጆሮውን ለጥፎ እያዳመጠ ጉምጉምታው የሚበዛበትን ቦታ ለየ። ግድግዳውም በእጅ ሲዳሰስ ሞቅ ይላል፤ ንብ እጮቿ ያሉበትን 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አድርጋ ስለምትይዘው ነው። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ከዚያ በመርዝ ገደላቸው። የሚያቀዘቅዘው ንብ ሲያልቅ ሰሙ በሙቀት ላላ፣ ማሩ በግድግዳው ወረደ፣ ቀለሙ ተንጠባጠበ፣ ጉንዳንና አይጥ ወረሰው። ግድግዳው ተከፍቶ ሰፈፉ ሁሉ እስኪወጣ ድረስ ሽታው አልለቀቀም።

አናቢው ይህን ሲያነቡ አዘኑ። አናቢ ቢጠራ ኖሮ ንቡን ከነሰፈፉ አውጥቶ በቀፎ ያኖረው ነበር። ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታይ የንብ መንጋ ደግሞ ጎጆ እንዳልሆነ አስረዱ፤ ሰፈፍ የለውም፣ ቤት ፈላጊዎቹ እስኪመለሱ ለሰዓታት፣ ቢበዛ ለጥቂት ቀናት የሚያርፍ መንገደኛ ነው። ፈላጊዎቹ ያገኙትን ቦታ አቅጣጫና ርቀት በጭፈራ ይናገራሉ፤ ይህን ጭፈራ የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል።

ምላሽ 27

ነርስ ናት፤ ቁጥብ ነው የጻፈችው። ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋን ትታ ስለምትሄድ፣ በጥፍርም ይሁን በካርድ ጠርዝ፣ ዋናው ፈጥኖ መንቀል ነው፤ መሣሪያ ፍለጋ መሮጥ ጊዜ ማባከን ነው። ከዚያ ከአካባቢው መራቅ፤ የቀረው መንደፊያ የሚያወጣው፣ የበሰለ ሙዝ የሚሸት ጠረን ሌሎቹን ይጠራል። ተርብ ግን መንደፊያውን ይዞ ስለሚሄድ ደጋግሞ መንደፍ ይችላል። ቦታው ማበጡና ማሳከኩ ያለ ነው። ትንፋሽ ካጠረ፣ ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ ሰውነት በሙሉ ሽፍ ካለ፣ ራስ ካዞረ ግን ሳይዘገዩ ሕክምና ነው፤ የታዘዘለት አድሬናሊን ያለው ሰው ወዲያው ይወጋ።

ስድስተኛው እንኳ አመሰገናት።

ምላሽ 28

ጠያቂዋ ለቀሩት ሁለት ጥያቄዎች መልስ ይዛ መጣች። ክንፎቹ አራቱም እኩል ናቸው፣ መስኮቱም ሁልጊዜ ተዘግቶ ነው የሚያድረው። አናጢው እንዳላት የዕቃ ቤቱን ካርቶኖች ስታነሳ ከወለሉ የተነሳ የጭቃ ቱቦ እስከ ኮርኒሱ ወጥቶ አገኘች። ሰበረችው፤ ተጠግኖ አገኘችው። የቁም ሣጥኑ ብናኝ ግን የላመ ዱቄት ነው፣ ቀዳዳዎቹም ጥቃቅን፤ ጥንዚዛ ነው። ተርብ፣ ምስጥ፣ ጥንዚዛ፤ የመጀመሪያው መላሽ ልክ ነበር።

አናጢው ቱቦውን አፍርሶ መጥረግ ምስጡን እንደማያጠፋው፣ ማኅበሩ ያለው መሬት ውስጥ መሆኑን፣ የሚፈስ ቧንቧና ግድግዳውን የሚያረጥብ ነገር ካለ አስቀድሞ መጠገን እንዳለበት፣ ለቀረው ባለሙያ ማስመጣት እንደሚበጅ ነገራት።

ከምላሽ 29 እስከ 32

ክሩ ሊዘጋ ሲል አንድ አዲስ ሰው ስለ ቤት ጉንዳን ጠየቀ። ሰልፉን በሳሙና ውኃ እየጠረገ ነው፣ ግን በሌላ በኩል ይመጣል። አሥራ አራተኛው ጎጆውን ሳያገኝ ሰልፉን እንዳይጠርግ መከረው፤ የሚያጠፋው መሪውን ሽታ ነው፣ ከሽታው ጋር ደግሞ የእሱም ምሪት ይጠፋል። ጣፋጭ ጠብታ አስቀምጦ ባዶውን የሚሄደውን ትቶ የጫነውን መከተል ነው። በጣም ጥቃቅን ቢጫ ጉንዳኖች ከሆኑ ፍሊት እንዳይነካቸውም አጥብቆ ነገረው፤ ፈርዖን ጉንዳን የሚባለው ዓይነት ሲረበሽ ማኅበሩ ተከፋፍሎ በየክፍሉ አዲስ ጎጆ ይተክላል። ለእሱ ቀስ ብሎ የሚገድል፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ወደ ጎጆ የሚወስዱት ማጥመጃ ነው የሚሻለው።

ሰውዬው ተከትሎ ሄዶ ሰልፉ የሚያልቀው የአበባ ማሰሮ ውስጥ መሆኑን ጻፈ፤ ግን አፈሩ ላይ ምንም አይታይም። አራተኛው፣ ያ የጓሮው ሰው፣ ማሰሮውን ባልዲ ውኃ ውስጥ እስከ አፉ እንዲነክረው ነገረው። ጎጆው እዚያ ካለ ጉንዳኖቹ ነጫጭ እንቁላላቸውን ተሸክመው ወደ ላይ ይወጣሉ።

ሰውዬው ነክሮት እንደተባለው ሆነ፤ ፎቶውንም ለጠፈ። የክሩ የመጨረሻ ምላሽ የአምስተኛው ነው። ፎቶው ላይ ጉንዳኖቹ የተሸከሙት ነጭ ነገር እንቁላል እንዳልሆነ፣ የጉንዳን እንቁላል ዓይን በደንብ የማያየው ደቃቅ እንደሆነ፣ እነዚያ እጮችና ሙሽሬዎች እንደሆኑ አረመ። ልክ ነው።